«ሆድ ይፍጀው» ለሚሉን

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወዳጄ ቤት ፊልም ልናይ ተሰባሰብን። ተሰባሰብን ስል ብዙ ሆነን አይደለም፤ እኔ፣ ወዳጄ፣ ባለቤቱ፣ እንዲሁም ስፓኒሽ ከተከታታይ ድራማ እየለቀመች የምትማር የእህቴ ልጅ። ፊልም መራጩ እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ማስተማሩን ቢተው እንኳ «ይህን አንብቡ፣ ያንን ተመልከቱ» ማለቱን አይተውም። ልክፍት ነው። ያን ዕለት ይዤ የሄድኩት የአርጀንቲና ፊልም ነበር፤ ሉዊስ ፑዌንሶ በ1985 የሠራው «ይፋዊው ታሪክ»። (የነሱን ዓመታት የምጠቅሰው በነሱ አቆጣጠር ነው፤ የእኛን ሳነሣ ዓ.ም. እላለሁ።)

የእህቴ ልጅ ገና ርዕሱን ስትሰማ ፊቷ ጨፈገገ። እሷ የለመደችው የስፓኒሽ ዓለም ሌላ ነው። የሀብታም ልጅ ድሃዋን ይወዳል፣ የሀብታሙ እናት ትመርዛታለች፣ የተመረዘችው በ90ኛው ክፍል ነፍስ ዘርታ ትነሣለች። በመካከሉ ጥፊ አለ፣ መሳም አለ፣ ፈረስ አለ። ሃያ ያህል አገር የሚናገረው ቋንቋ በእሷ ዘንድ ሰፊ ግቢ ያለው አንድ ቪላ ሆኗል። አልፈርድባትም። እኔም በእሷ ዕድሜ ስፔን ማለት ኮርማና ቀይ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር።

ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ አንድ ቦታ አለ። አሊሲያ የምትባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ከስደት የተመለሰች የልጅነት ጓደኛዋን ቤቷ ጋብዛ፣ እየጠጡ ይሳሳቃሉ። ጓደኛይቱ ሳቋን ሳትጨርስ እንዴት እንደተያዘች፣ ምን እንዳደረጓት መናገር ትጀምራለች። ሳቁ የት ላይ አልቆ ልቅሶው የት ላይ እንደጀመረ አይለይም። ይሄኔ የወዳጄ ባለቤት ብድግ አለች።

«ቡና ላፍላ» አለች።

ቡና ከጠጣን ግማሽ ሰዓት አልሆነንም ነበር። ወዳጄ ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ቀነሰ። እሷ እስከ መጨረሻው አልተመለሰችም። ለምን እንዳልተመለሰች እኔ አልጠየቅሁ፤ እሱም አልነገረኝ። ሠላሳ ዓመት ተዋውቀናል። ወንድም እንደነበራት አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ፊልሙ ሲያልቅ ወዳጄ ተቆጣ። መሐንዲስ ነው፤ ሲቆጣም በቅደም ተከተል ነው። «እነዚህ ሰዎች ሙታናቸውን አንድ ጊዜ ቀብረው አይገላገሉም እንዴ?» አለኝ። «ስፔኑን ብታይ ስለ ጦርነቱ፣ አርጀንቲናውን ብታይ ስለ ጠፉት፣ ቺሌውም ያው። አልፏል እኮ! የፈሰሰ ውሃ ምን ያደርግልሃል? ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖር ነው እንጂ!»

ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ተሟግተን በጨረስነው። ግን ይህን ቃል በሄድኩበት እሰማዋለሁ። ቁስል አትነካኩ፣ ያለፈውን ተዉት፣ ለልጆች መርዝ አታውርሱ። ስፔን ውስጥም «ደግሞ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት ፊልም!» ብሎ ማማረር የተለመደ ነው አሉ። እንግዲህ ሙግቴ ከነዚህ ሁሉ ጋር ነው።

«አይቀብሩም ወይ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። አልቀበሩም። በምን ይቅበሩ? አስከሬን የለማ! ከ1976 እስከ 1983 አርጀንቲናን የገዙት ወታደሮች የፈጠሩት ዘዴ ይህ ነበር። ሰው ከቤቱ፣ ከመንገድ፣ ከሥራው ይወሰዳል፤ ከዚያ በኋላ የለም። መዝገብ የለም፣ ፍርድ የለም፣ መቃብር የለም። ወታደሮቹ ከወረዱ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1984 ባወጣው ሪፖርት 8,961 ሰዎችን መዘገበ። የመብት ተሟጋቾቹ ቁጥሩ 30 ሺህ ይደርሳል ይላሉ። ከተወሰዱት መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እስር ቤት ከወለዱ በኋላ እነሱ ሲጠፉ ሕፃናቱ ለወታደሮችና ለወታደር ወዳጆች ታደሉ። ወደ 500 ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል።

እስቲ በእኛ ልማድ አስቡት። ለጠፋ ሰው ድንኳን አይጣልም። የእድር ጥሩምባ አይነፋለትም። ሠልስቱ መቼ ነው? አርባው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ተዝካሩን ላውጣ ብትል ጎረቤት «ሟርተኛ» ይልሃል፤ አላወጣም ብትል ራስህ ለራስህ ጨካኝ ትሆናለህ። በየዓመቱ ሊመጣ የሚችል ሰው በየዓመቱ ይሞታል። «ቀብረህ ተገላገል» የሚለው ምክር የሚጠቅመው የሚቀበር ላለው ሰው ነው።

ይህን ካልን ወደ ፊልሙ እንመለስ። ወዳጄ ፊልሙን ስለ ሙታን የተሠራ አድርጎ ነው ያየው። እኔ ግን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ስለ ምሳ ገበታ የተሠራ ሆኖ ይታየኛል። አሊሲያ ክፉ ሴት አይደለችም። የታሪክ መምህርት ናት፤ ንጹሕ የለበሰች፣ ሰዓት የምታከብር፣ ተማሪ ሲያመጣባት የምትቆጣ። ባሏ ሮቤርቶ በዚያ ዘመን የበለጸገ ነጋዴ ነው። በማደጎ ያሳደጓት ጋቢ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ልጅቷን ያመጣው እሱ ነው። ከየት? አሊሲያ ጠይቃ አታውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ አልጠየቀችም። ቤቱ ያማረ፣ ማዕዱ የሞላ፣ ሰላሙ የተጠበቀ ነው። ሆድ የፈጀው ቤት ማለት ይኸው ነው!

ግን ሆድ አልፈጀውም። የጋቢ ልደት ቀን እንግዶች ይመጣሉ፤ ወንዶቹ ልጆች የአሻንጉሊት ጠመንጃ ይዘው ክፍሏን በርግደው ይገባሉ። ጋቢ ትጮኻለች። የጨዋታ ጩኸት አይደለም። እናትየው አቅፋ ብታባብላት ቶሎ የማይበርድ ጩኸት ነው። ማንም ለዚህች ልጅ ምንም አልነገራትም። «ለልጆች መርዝ አታውርሱ» የሚሉን ሰዎች ይህን ትዕይንት እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። መርዙ በወሬ ብቻ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ጋቢ ከአርጀንቲና ልጆች ሁሉ ጤነኛዋ በሆነች ነበር።

አሊሲያ መጠየቅ ስትጀምር መጀመሪያ የሄደችው ቄሷ ዘንድ ነው። የነፍስ አባት የምናውቅ ሰዎች ያ ትዕይንት ይገባናል። ስትጠይቅ ይቅርታ ይሰጣታል። መልስ ነው የፈለገችው፤ የተሰጣት ፍትሐት ነው። ባሏን ትጠይቃለች፤ «ተዪው» ይላታል። በመጨረሻ የምትደርሰው ፎቶግራፍ በቦርሳዋ ይዛ ከምትዞር አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። አሮጊቷ የጠፋች ልጇን የልጅነት ፎቶ ታሳያታለች፤ ፎቶው ጋቢን ቁርጥ ነው። ኖርማ አሌአንድሮ የአሊሲያን ፊት በዚያች ደቂቃ የተጫወተችውን ያህል የተጫወተ ተዋናይ ብዙ አላየሁም። (በካን ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን በዚሁ ሥራዋ ተጋርታለች፤ ፊልሙም በ1986 ኦስካር ሲያገኝ ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ነበር።) ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ የበር መዝጊያና ጣት አለበት። ፊልሙ የሚያበቃው ጋቢ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታዜም ነው። የምታዜመው የልጆች መዝሙር ርዕሱ «የአላስታውስም አገር» ይባላል። ኧረ ጉድ!

«ፊልም ነው፣ ልብ ወለድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ከፊልም ወጥተን አርጀንቲና ራሷ ምን እንደሆነች እንይ፤ ምክንያቱም የወዳጄን ምክር በሕግ አውጥታ የሞከረች አገር ናት። በ1985 የጁንታው አለቆች ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው። በ1986 እና በ1987 ግን «እዚህ ላይ ይብቃ»፣ «የበታቹ የታዘዘውን ነው ያደረገው» የሚሉ ሕጎች ወጡ። በ1989 እና በ1990 ለአለቆቹም ምሕረት ተደረገ። ሆድ ይፍጀው በአዋጅ! ታዲያ አገሬው ረሳ? እናቶቹ ከ1977 ጀምሮ የያዙትን ሐሙስ ሐሙስ የማዮ አደባባይን መዞር አልተዉም። አያቶቹ ደግሞ ወደ ሳይንስ ሄዱ። ወላጅ በሌለበት የአያትን ደም ከልጅ ልጅ ደም ጋር ማስተያየት ይቻል እንደሆነ ጠየቁ፤ አሜሪካዊቷ የዘረ መል ሊቅ ሜሪ ክሌር ኪንግ ዘዴውን አገኘችላቸው። እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆች ማንነታቸው ተረጋግጧል፤ ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ጎልማሶች ናቸው። ምክር ቤቱ ሕጎቹን በ2003 ሻረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005 አጸና። የጁንታው ቁንጮ ቪዴላ በሕፃናቱ ስርቆት በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በማግስቱ ዓመት እዚያው እስር ቤት ሞተ። መርሳት ያተረፈላቸው ነገር ቢኖር የሃያ ዓመት መዘግየት ነው። በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ስንት አያት የልጅ ልጇን ሳታይ እንደሞተች አስቡት።

ስፔን ከዚህም ረዘም አድርጋ ሞከረችው። ጦርነቱ በ1939 አለቀ፣ ፍራንኮ እስኪሞት እስከ 1975 ገዛ፣ በ1977 የምሕረት ሕግ ወጣ፤ ከዚያ ሁሉም ላለማንሣት ተስማማ። በየመንገዱ ዳር፣ በየጉድባው የተጣሉት ግን እዚያው ነበሩ፤ ቁጥራቸው ከ100 ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል። ዝምታው ራሱ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቪክቶር ኤሪሴ በ1973፣ ፍራንኮ ገና በሕይወት ሳለ፣ የሠራውን «የቀፎው መንፈስ» ይመልከት። ጊዜው 1940፣ ቦታው ካስቲያ ውስጥ ያለች ነፋስ የሚያፏጭባት መንደር። አባት ንብ ያነባል። እናት ማን እንደሆነ ለማናውቀው ሰው ደብዳቤ ትጽፋለች። ትንሿ ልጅ አና አንድ የቆሰለ ሸሺ ሜዳ ላይ ባለ ኦና ቤት ተደብቆ ታገኛለች፤ ምግብና የአባቷን ካፖርት ትወስድለታለች። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ስትከፈት የምትዘምር የኪስ ሰዓት ነበረች። ሌሊት ተኩስ ይሰማል።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አባትየው ሰዓቷን ከኪሱ አውጥቶ ይከፍታታል። ሰዓቷ ትዘምራለች። አና ቀና ትላለች፤ አባቷ ያያታል። ማንም አንድ ቃል አይናገርም። ይኸው ነው! አንድ ሰው ተገድሏል፣ ልጅቷ አውቃለች፣ አባትየው ማወቋን አውቋል፣ ቡናው ይቀዳል። ተማሪዎቼን «ዝምታ እንዴት ይጻፋል?» ብዬ ስጠይቅ ይህን ትዕይንት ባሳያቸው ኖሮ አንድ ሴሚስተር በቆጠብኩ።

ለወዳጄ ፍትሐዊ ልሁን። በዚህ ጉዳይ የተሠራ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ጨካኙ መኮንን ጓንት አድርጎ፣ ጥሩው ታጋይ መነጽር አድርጎ የሚመጣባቸው ስንት ፊልሞች አይቻለሁ። አልሞዶቫር እንኳ፣ የማከብረው ሰው፣ በ2021 በሠራው «ትይዩ እናቶች» ውስጥ የሁለቱን እናቶች ጉዳይና የመቃብሩን ጉዳይ በክር ሳይሆን በሽቦ ነው ያሰራቸው። ሆኖም መጨረሻ ላይ የመንደሩ ሴቶች የአባትና የአያቶቻቸውን ፎቶ ይዘው ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ በዝምታ ሲሄዱ ሽቦውን ረሳሁት።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ክርክርም አለ፤ ወዳጄም በስተመጨረሻ አምጥቶታል። «ማስታወስ ቂም ይወልዳል» አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አሰኝቶኝ ነበር፤ ምክንያቱም ይወልዳል። ሙት ዓመት እየቆጠሩ ለሚቀጥለው ግድያ ከበሮ የሚመቱ ሰዎች በአገራችን አይተናል። አጥንት እየቆጠሩ ወገን የሚመለምሉ አሉ። ግን ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሰዎች የሚሰበስቡት ቁጥር ነው፣ የሚፈልጉትም ተከፋይ ነው። የአርጀንቲናዋ አሮጊት የያዘችው አንድ ፎቶ ነው፤ የምትጠይቀውም አንድ ጥያቄ፤ «የት ናት?»። ፓትሪሲዮ ጉስማን በ2010 «የብርሃን ናፍቆት» በተባለው ዘጋቢ ፊልሙ ያሳየን የቺሌ ሴቶችም እንዲሁ ናቸው። አታካማ በረሃ ላይ ከዋክብት ተመልካቾች በግዙፍ ቴሌስኮፕ ሰማይ ያያሉ፤ እነዚያ ሴቶች ደግሞ ከሥር በአካፋ አሸዋ ይምሳሉ፤ ፒኖቼ ያስጠፋቸውን ባሎቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ፍለጋ። አንዷ የወንድሟን እግር አገኘች፤ ከነጫማው። ከዚያ እግር ጋር ተቀምጣ ያደረችውን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቂም ፈለግሁ። የለም። ቂም የሚያድገው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ «የት ነው?» ብለህ ስትጠይቅ «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» ስትባል ነው።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቃታለሁ፤ የእኔ ናት።

«ኦሮማይ»ን የማስተምርበት ጊዜ ነበር። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ሴራው፣ ስለ አንጻሩ ሰሌዳው እስኪሞላ ጽፌ ስዞር ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ በዓሉ ግርማ የት ነው የተቀበረው?» አለኝ። ደራሲው መጽሐፉ በወጣ በወራት ውስጥ ከሥራው ተባሮ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን፣ የት እንደገባም እስከ ዛሬ አለመታወቁን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ይህን መናገር ይበቃኝ ነበር። «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» አልኩት። «ይህ ለፈተና አይመጣም።» ክፍሉ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ።

ማንን ፈርቼ ነው? የሚያስረኝ አልነበረም። የሚቆጣኝ አለቃ አልነበረም። በአገሬ አደባባይ ነገሩ ይነሣ ነበር፤ እንዲያውም በዚያው በእኛ 1980ዎቹ ውስጥ የቀይ ሽብር ሟቾችን አጥንት ከጅምላ መቃብር አውጥተው እንዲለዩ የተጠሩት ባለሙያዎች ከሌላ ከየትም አልመጡም፤ በ1984 ቦነስ አይረስ ውስጥ ገና ተማሪ ሳሉ የተደራጁት የአርጀንቲና የአጥንት መርማሪዎች ናቸው። የራሳቸውን ጠፊዎች በመፈለግ የተማሩትን እጅ ይዘው መጥተው የእኛን ቆፈሩ። ያ አፈር ሲቆፈር እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነበርኩ። ወዳጄ «እነዚህ ሰዎች» ሲል የተናደድኩት ለዚህ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ሩቅ አገር ሆነው የሚያለቅሱብን ሰዎች አይደሉም፤ ጉድጓዳችን ውስጥ ተንበርክከው የሠሩ አሉባቸው። መስቀል አደባባይ ያለው የሰማዕታት ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ገብቼ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች እያየሁ፣ ያን ተማሪ አስታወስኩት። ፈርቼ አልነበረም። ልማድ ነው። አሊሲያም ብትጠየቅ ይህንኑ የምትል ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያን ቅዳሜ ለወዳጄ አልነገርኩትም። ለጋዜጣ መጻፍ ይቀለኛል፤ ይህም አንድ ሌላ ዝምታ ነው። የእህቴ ልጅ ወደ ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ «ማታ እናቴን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የወዳጄ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የባለቤቱ ነበር። ስለ ቡናው ይቅርታ ጠየቀች። እንቅልፍ እንደነሣት፣ እሱ ሥራ እስኪሄድ እንደጠበቀች ነገረችኝ። ከዚያ ዝም አለች፤ እኔም አልቸኮልኩም።

«ያቺ ትንሿ ልጅ» አለች፣ «መጨረሻ ላይ ለአሮጊቷ ሰጧት?»

ፊልሙ እንደማይናገር ነገርኳት።

«እንዴት አይናገርም?» አለች። «ሙሉውን ላየው እችላለሁ? ብቻዬን አይደለም፤ አንተ ባለህበት። ስለ ወንድሜም የምነግርህ ነገር አለ።»